ለአዲሱ አባል ከሳህኑ በፊት ሸክሙን ስጡት



ውድ የተልተሌ፣ የያቤሎ፣ የነገሌ፣ የሜጋና የሞያሌ ወንድሞችና እህቶች!

ዛሬ የምንጽፈው ብዙዎች በሹክሹክታ ስለሚያወሩት፣ በአደባባይ ግን ደፍሮ የሚናገረው ስለጠፋ ጉዳይ ነው። ስለ ኸይር ጀመዓዎቻችን ሳምንታዊ ምሳና ስለ አዲስ አባል አቀባበላቸው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። የምትቆጡ ካላችሁም መጀመሪያ ጨርሳችሁት ተቆጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደቡብ ቆላ ከተሞቻችን የቲም የሚረዳ፣ የታመመ የሚያሳክም፣ መስጂድ የሚያሠራ ጀመዓ አልጠፋም፤ አልሐምዱሊላህ። አብዛኞቹ በሳምንት አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ይሰበሰባሉ። ምሳ ይቀርባል። ሩዝ በፍየል ሥጋ ይመጣል፣ ለስላሳው ይከፈታል፣ ሻይ በወተቱ ይከተላል። ከዚያ አሚሩ ይነሳና «ዛሬ አንድ ውድ ወንድም ተቀላቅሎናል» ይላል። ውድ ወንድም የሚባለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትልቅ ሱቅ የከፈተ፣ የከብት ንግዱ የሞላለት ወይም ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣ ሰው ነው። ተክቢር ይባላል። ፎቶ ይነሳል። አዲሱ አባል ሁለት ቃል ተናግሮ የመግቢያውን ይከፍላል። ዱዓ ተደርጎ ይበተናል። ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ወዴት እንደሚሄድ እናንተው ታውቃላችሁ። በሳምንቱም ያው ነው።

እኛ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ያ አዲስ አባል ከስብሰባው ሲወጣ ምን እንዲሠራ ተነገረው? የትኛውን የቲም ቤት ሄዶ እንዲያይ? የትኛውን በሽተኛ ጤና ጣቢያ እንዲያደርስ? እስከ መቼ? መልሱ «ምንም» ከሆነ ጀመዓው የተቀበለው እንግዳ ነው። እንግዳ ይበላል፣ ይመሰገናል፣ ይሄዳል። አባል ማለት ግን ሸክም የወሰደ ሰው ነው።

ከወዲሁ ግልጽ እንሁን። ምሳ መብላት ነውር ነው አላልንም። አብሮ መብላት በረካ ነው፤ ምግብ ማብላትም በዲናችን ከታላላቆቹ ሥራዎች አንዱ ነው። የእኛ ክርክር ምሳው ሥራውን ሲተካ ስለማየታችን ነው።

እስቲ ወደ ሲራው እንመለስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነቢይ ከመሆናቸው በፊት፣ በወጣትነታቸው የተገኙበት አንድ የምሳ ስብሰባ አለ። ብዙዎቻችን ሒልፈል ፉዱል በሚለው ስሙ እናውቀዋለን። ከዘቢድ የመጣ አንድ ነጋዴ መካ ላይ ሸቀጡን ለአል-ዓስ ኢብኑ ዋኢል ይሸጣል። አል-ዓስ የመካ ትልቅ ሰው ነበር፤ ዕቃውን ወስዶ ገንዘቡን ከለከለው። ነጋዴው እንግዳ ነው፤ ጎሳ የለው፣ ወገን የለው። አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ ጮኸ። ያኔ ከቁረይሽ ጎሳዎች የተወሰኑት በዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰበሰቡ። ባለቤቱም ምግብ አዘጋጀላቸው። ልብ በሉ፣ እዚያም ምሳ ነበር! ግን በልተው አልተበተኑም። የተበደለ ሰው መብቱ እስኪመለስ ድረስ በበዳዩ ላይ አንድ እጅ ሊሆኑ ተማማሉ። ከዚያም ተነሥተው አል-ዓስ ዘንድ ሄዱ፤ የነጋዴውን ንብረት ተቀብለው ለባለቤቱ መለሱ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከብዙ ዓመታት በኋላ ያንን ቃል ኪዳን ሲያስታውሱ በቀይ ግመሎች እንኳ እንደማይለውጡት፣ በእስልምና ዘመንም ወደ እንደዚያ ዓይነቱ ቢጠሩ አቤት እንደሚሉ ተናግረዋል። በቦረና ምድር ግመል ምን እንደሆነ ለማንም አናስረዳም። ከዚያ ስብሰባ ማዕዱን አስታውሶ የሚያወራ የለም። የሚታወሰው የተመለሰው ሐቅ ነው። ከዛሬዎቹ ምሳዎቻችን ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ይታወሳል?

አዲስ አባል ስለመቀበልም ሲራው ያስተምራል። ሙሃጂሮች መዲና ሲገቡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሳሮች ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) የሀብቱን እኩሌታ ልስጥህ አለው። ከዚህ የበለጠ አቀባበል ከየት ይመጣል? አዲሱ መጤ ግን ምን አለ? በሀብትህም በቤተሰብህም አላህ ይባርክህ፤ ገበያው የት እንደሆነ ብቻ አሳየኝ አለ። ሄዶ ቅቤና አይብ ነገደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አገባ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ በግም ቢሆን ድግስ እንዲያበላ አዘዙት። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። መጀመሪያ ሥራ፣ ከዚያ በግ። በጀመዓዎቻችን ግን ፍየሉ ይቀድማል፤ ሥራው «ኢንሻአላህ» ይባላል። ኢንሻአላህ የቁርጠኝነት ቃል መሆኑ ቀርቶ የማምለጫ ቃል ሲሆን ያሳዝናል።

አሁን ደግሞ አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኝ የሚችል ምሳሌ እናምጣ። ሳምንታዊ የምሳ ስብሰባን በዓለም ላይ ያስፋፉት የአገልግሎት ክለብ የሚባሉት ናቸው፤ ከእነሱም ቀዳሚው ሮታሪ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በየካቲት 23 ቀን 1905 ቺካጎ ውስጥ ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ከሦስት ሰዎች ጋር ጀመረው። አንዱ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፣ አንዱ የማዕድን መሐንዲስ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ ነበር። ሮታሪ የተባለውም ስብሰባውን በየአባሉ ቢሮ በተራ ያዞሩት ስለነበር ነው። እኛ አገርም አዲስ አበባ ላይ በንጉሡ ዘመን፣ በፈረንጆች 1950ዎቹ ገብቷል።

ስለ ሮታሪና ስለ ማሶን ግንኙነት ዑለማዎች ያስጠነቀቁት እንዳለ እናውቃለን። ስለዚህ ማንንም ሮታሪ ግባ እያልን አይደለም፤ ኮሜንት ላይ ጣታችሁን አታድክሙ። የምንለው ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ምሳቸውን በምን ሥርዓት እንደሚበሉ እንይና እንፈር።

በክለባቸው ለረጅም ጊዜ የቆየ ልማድ ነበር። አንድ ሰው ራሱ መጥቶ በገንዘቡ አይገባም፤ ነባር አባል ያቀርበዋል፣ ይመሰክርለታል። ከእያንዳንዱ ሙያ ሰው እንዲኖር ይፈለጋል፤ ክለቡ በነጋዴ ብቻ ወይም በሐኪም ብቻ እንዳይሞላ። መገኘት ይቆጠራል፤ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በራሱ ክለብ የቀረ አባል ሌላ ከተማ ያለ ክለብ ሄዶ ማካካስ ነበረበት። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው አንዱ ምን ነበር? ቺካጎ መሃል የሕዝብ ሽንት ቤት እንዲሠራ ማድረግ! ጠበቃና ነጋዴ ተሰብስበው ስለ ሽንት ቤት ተነጋገሩ። የኛዎቹ ይህን አጀንዳ ቢሰሙ ምግብ ላይ ነውር ነው ይላሉ፤ የመስጂዳችን ውዱእ ማድረጊያ ግን ቧንቧው ደርቆ ሰው በጄሪካን ውሃ ተሸክሞ ይመጣል።

ከ1985 ጀምሮ ደግሞ ፖሊዮን ከዓለም እናጥፋ ብለው ተነሡ፤ ከመንግሥታትና ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሆነው ገንዘብና ሰው አሰለፉ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የዱር ፖሊዮ ሕመምተኛ የተገኘው በፈረንጆች 2014 መጀመሪያ ላይ ሲሆን ያም በሶማሌ ክልል፣ እንደኛው አርብቶ አደር አካባቢ ነበር። በነሐሴ 2020 አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ነጻ መሆኗ ታወጀ። የተከተቡት የእኛ ልጆች ናቸው። ጠብታውን በእግራቸው ተጉዘው ያደረሱት የእኛው የጤና ኤክስቴንሽን እህቶች ናቸው። ገንዘቡን ከለመኑት ውስጥ ግን በሳምንት አንዴ ምሳ የሚበሉ ሰዎች ይገኙበታል። ሪያእ ይኑረው አይኑረው አላህ ያውቃል። እኛ በኢኽላስ የምንሠራ ነን የምንለው ግን ሥራው የታለ?

እሺ፣ ፈረንጁን ተዉት። አጠገባችን ያለውን ቦረናን እንይ። ዱብሉቅና ሌሎቹ የቱላ ኤላዎች ዘንድ የሄደ ሰው ያየዋል። ወጣቶች ከጥልቁ ጉድጓድ እስከ ላይ ድረስ በደረጃ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆማሉ። ውሃውን በኦኮሌ እየቀዱ፣ እየዘፈኑ ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋሉ። ከብቱ በተራው ይጠጣል፤ ተራውን የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ አለ። በዚያ ሰንሰለት ውስጥ የክብር አባል የሚባል ቦታ የለም። አንድ ሰው እጁን ካጠፈ ኦኮሌው እሱ ጋ ይቆማል፤ ውሃው ይፈሳል፣ ከብቱ ይጠማል። አዲስ ወጣት ሲመጣ የሚሰጠው የሚቆምበት ደረጃ ነው። እዚያ የአባልነት መታወቂያው ላቡ ነው።

ቡሳ ጎኖፋም አለ። ከብቱ ያለቀበት የጎሳው ሰው በጎሳው ጉባኤ ይታያል፤ ያላቸው ጊደር ያዋጡለታል፣ ይቋቋማል። ነገ ሲያልፍለት ደግሞ ለሌላው ይሰጣል። የተሰጠው በተራው ሰጪ ይሆናል። የኦሮሚያ ክልል እንኳ ስሙን ወስዶ ተቋም አቁሞበታል። ከዲናችን ጋር የማይጋጭ መልካም ልማድ ደጃችን እያለ፣ የእኛ ጀመዓ ሰጪና ተቀባይ በየፊናቸው የሚቀመጡበት አዳራሽ ለምን ይሆናል?

እድራችንስ? አዲስ ሰው እድር ሲገባ ደንቡ ይነበብለታል። ቀብር ከቀረ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ፣ ድንኳን መትከል መቼ ተራው እንደሚደርስ ይነገረዋል። ማንም ተክቢር አይልለትም። ለሞተ ሰው ይህን ያህል ጥብቅ ሆነን በሕይወት ላለ የቲም እንዲህ መላላታችን ምን ይባላል?

ይህን ሁሉ በቁጣ የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ል. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። የጋናው ቀረ፣ የሐጋያው ቀረ። መንገድ ዳር የከብት ሬሳ ተከመረ። ስንት ላም ያልብ የነበረ አባወራ እጁን ለእርዳታ ዱቄት ዘረጋ። ያኔ ከመላው አገሪቱ እርዳታ ተሰበሰበ፤ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን። ድርቁ ካለፈ በኋላ ግን ከብቱ አልተመለሰም። ከገጠር ወደ ከተማ ጠርዝ የመጣው ቤተሰብ ዛሬም እዚያው አለ። ልጁ ሊስትሮ ሆኗል፣ እናቱ ማገዶ ትሸጣለች። አዳራሹ ውስጥ ሩዝ ሲታደል መዓዛው የሚደርሰው እነሱ ጋ ነው።

በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ዓመተ ረማዳ በተባለው የድርቅ ዘመን ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ አልበላም ብለው ዘይት እየበሉ ፊታቸው ጠቆረ። የሙስሊሞች መሪ፣ ግምጃ ቤቱ በእጃቸው! የዛሬው የጀመዓ አሚር ከዑመር በላይ ሥጋ የሚገባው ሆኖ ነው? ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሀብታሞች ተጠርተው ድሆች የሚቀሩበትን ድግስ ከምግቦች ሁሉ የከፋ ብለውታል። ይህን ሐዲስ በሙሐደራ ስንሰማ ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ከዚያ ወጥተን የግብዣ ዝርዝሩን እንጽፋለን።

ወደ ዋናው እንምጣ፤ ምሳው በማን ገንዘብ ነው? አባላቱ ከኪሳቸው አዋጥተው ከሆነ ሐላል፣ በረካ ያድርግላቸው። ከሰደቃው ሣጥን ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ ሣጥን ውስጥ ያለው የዱባይ ነጋዴ ብር ብቻ አይደለም። ወተት ሸጣ የመጣች እናት ከትርፏ የከተተችው ድፍን ብር አለበት። የሰጠችው ለየቲም ብላ ነው። ዘካ ከሆነማ ተቀባዮቹ ስምንት ዓይነት መሆናቸውን ቁርኣን ወስኖታል፤ «ስብሰባ የመጡ ሰዎች» የሚል ዘጠነኛ የለም። የየቲምን ገንዘብ በግፍ ስለሚበሉ ሰዎች ሱረቱ አን-ኒሳእ ላይ የተነገረውን ሁሉም ያውቀዋል፤ እዚህ መድገም አያስፈልገንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ሰው ተመልሶ ይሄ የእናንተ፣ ይሄ ለእኔ በስጦታ የመጣ ነው ሲላቸው ሚንበር ላይ ወጥተው ነው የተቆጡት። አባቱና እናቱ ቤት ቁጭ ቢል ይሰጠው ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። አማና ቀልድ አይደለም።

አሁን የሚመጡብንን መልሶች እንውሰድ።

«ምሳ ከሌለ ሰው አይመጣም» ይላሉ። ለሩዝ ብሎ የሚመጣ ሰው ሩዙ ሲያልቅ ይሄዳል። በድርቅ ቀን የማይገኝ አባል ዝርዝሩን ከማርዘም በቀር ምን ጠቀመ?

«ሀብታሙን ካላከበርነው አይሰጥም» ይላሉ። ይህ ሀብታሙን መናቅ ነው። ኒያው ንጹሕ የሆነ ሀብታም ስንት አለ! ብሩን ወስዳችሁ እጁንና ጊዜውን ግን አትጠይቁትም። የአንዲት የቲም እጅ ይዞ ትምህርት ቤት ቢያስመዘግባት የሚያገኘውን የልብ እርጥበት ፎቶ አይሰጠውም። የከለከላችሁት አጅሩን ነው።

«ድሃው ምን ያዋጣል?» ይላሉ። ባጃጅ የሚነዳው ወጣት ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ተሸካሚው እህሉን ያራግፋል። መምህሩ የቲሞቹን ያስጠናል። ነርሷ ቁስል ታጥባለች። ግንበኛው የአሮጊቷን ግድግዳ ይለስናል። ከየሙያው አንድ ሰው ማለት ይህ ነው። የመግቢያ ክፍያ አስቀምጣችሁ እነዚህን ሁሉ በር ላይ መልሳችሁ፣ ቼክ የሚጽፍ አንድ ሰው አስገብታችሁ «ተጠናከርን» ትላላችሁ።

እህቶችስ? ድስቱን ከጓሮ የሚያማስሉት እነሱ ናቸው። የትኛዋ ባልቴት ቤት እሳት እንዳልነደደ፣ የትኛው ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው። ስብሰባው ላይ ግን ድምፃቸው የለም። ሸሪዓው በሚፈቅደው ሥርዓት የእነሱን ዝርዝር ተቀብሎ መሥራት ምን ያህል ከባድ ነው? ለምግቡ የታመኑ ለመረጃው ለምን አልታመኑም?

«ይህን በአደባባይ መጻፍ ፊትና ነው፣ አንድነት ይበትናል» የሚሉም አሉ። የማንንም ስም አልጠራንም፣ አንጠራምም። ግን ሒሳብ መጠየቅ ፊትና ከሆነ፣ ዑመርን (ረ.ዐ) በሕዝብ ፊት ይጠይቁ የነበሩት ሰዎች ምን ሊባሉ ነው? አንድነት የሚፈርሰው ሒሳቡ ሲደበቅ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አምስት ነገር ብቻ።

1ኛ. ምሳው ከአባላቱ ኪስ ይሁን፤ ከሣጥኑ አንድ ብር አይነካ። አቅም የሌለው አባል ያለ ክፍያ ይብላ፤ ማንም አይወቅበት።

2ኛ. ሪፖርት ከምግብ ይቅደም። ባለፈው ሳምንት ማን ምን ወስዶ ነበር? ሠራው? ካልሠራ ለምን? ይህ ሳይጠየቅ ሳህን አይነሳ።

3ኛ. አዲስ አባል በገባበት ዕለት አንድ ሥራ፣ አንድ ቀን፣ አንድ አብሮት የሚሄድ ነባር አባል ይሰጠው። ያቀረበው ሰው ዋስ ነው፤ አዲሱ ቢቀር እሱ ይጠየቅ። ፎቶ መነሳት ከፈለገ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ይነሳ፤ የሚረዳውን ድሃ ፊት ግን አያሳይ።

4ኛ. የመግቢያ ክፍያ በር መዝጊያ አይሁን። ገንዘብ የሌለው በጉልበቱ፣ በሙያው፣ በጊዜው ይግባ።

5ኛ. የገቢና የወጪ ሒሳብ በየወሩ መስጂድ ላይ ይለጠፍ። የምሳው ወጪ ብቻውን በአንድ መስመር ይጻፍ፤ አጠገቡ ለየቲሞች የወጣው ይጻፍ። ሰው ሁለቱን አይቶ ራሱ ይፍረድ።

ይህን ከወዲሁ የምትሠሩ ጀመዓዎች አላችሁ፤ ይህ ጽሑፍ እናንተን አይመለከትም። አላህ ከእናንተ ይቀበል፤ ስማችሁን አለመጥራታችን አጅራችሁን ላለመንካት ነው። ለሌሎቻችሁ ግን ሩቅ መንገድ አንልካችሁም። በሚመጣው ጁሙዓ ሩዙ ከመቅረቡ በፊት አንዳችሁ እጃችሁን አውጡና በአደብ ጠይቁ፦ «ያለፈው ሳምንት አዲስ አባል ዛሬ የት ሄዶ መጣ?» መልስ ከተገኘ በደስታ ብሉ። ካልተገኘ ምግቡን ጠቅልላችሁ ከከተማው ጠርዝ ላሉት ቤተሰቦች አድርሱ፤ አዲሱም አባል ድስቱን ተሸክሞ ከፊት ይምራ። ያ ጉዞ የመጀመሪያ ሥራው ይሆንለታል።

አላህ ሥራችንን ለፊቱ ብቻ ያድርግልን። ጽሑፉን ለጀመዓችሁ አሚር፣ ለገንዘብ ያዡና አዲስ ለገባው ወንድም ሼር አድርጉላቸው።

ወላሁ አዕለም።